ለምሳ የሚወጣው መብራት

መርማሪዋ ስትደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። በሩን የከፈተችላት የቤቱ እመቤት ከአሮጌ ጫማዋ እስከ ሽበቷ በዓይኗ ለካቻት፤ በእጇ የያዘችው የላስቲክ ከረጢት ላይ ስትደርስ ፊቷን አጨማደደች።

«ለጽዳት ከሆነ በጓሮ በር ነው። ዛሬ ደግሞ አይሆንም፤ ባሌ ሞቷል።»

«ለባለቤትዎ ነው የመጣሁት» አለች መርማሪዋ መታወቂያዋን እያሳየች።

እመቤቲቱ መታወቂያውን አነበበች፤ ሴትየዋን እንደገና አየች። ሁለቱ የአንድ ሰው መሆናቸውን ለማመን ጊዜ ወሰደባት።

መርማሪዋ አልተቀየመችም። በመሥሪያ ቤት «መርፌ» ይሏታል። አዲስ የገቡት ቀጭን ስለሆነች ይመስላቸዋል፤ አብረዋት የቆዩት ግን የገባችበት ሳይታወቅ በማዶ እንደምትወጣ ያውቃሉ። መናቅ ይጠቅማት ነበር። ሰው በናቀው ሰው ፊት ምላሱን አይጠብቅም። እሷም ብትሆን የናቋትን መልሳ መናቅ ታውቅበታለች፤ የእሷ ንቀት ድምፅ የለውም እንጂ።

ሟቹ ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር ነበር። ሠላሳ ዓመት ልጆች ሲያርም ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ የሚያርመው ቢያጣ ቤተሰቡን ማረም ጀመረ። አሁን በንባብ ክፍሉ ምንጣፍ ላይ በጀርባው ተጋድሞ አንሶላ ለብሷል። የክፍሉ ወፍራም መጋረጃ እንደ ተዘጋ ነው። ከግድግዳው ሥር፣ ዝቅ ባለ ቁም ሣጥን ላይ፣ የሁለት እርምጃ ርዝመት ያለው የዓሣ ገንዳ ተቀምጧል። በደበዘዘው ውሃ ውስጥ ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል ይታያል፤ በቅጠሉ መካከል ትንንሽ ዓሦች ብቅ ጥልቅ ይላሉ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ሳጅኑ እጁን ኪሱ ከትቶ ይጠብቃት ነበር።

«አልቋል፣ እትዬ። ፊርማዎ ብቻ ነው የቀረው። ሰውዬው እጁን ውሃ ውስጥ እንደ ነከረ የፓምፑ ኤሌክትሪክ ያዘው፤ ገመዱ ተልጧል። ገንዳውን የሠራው ጭቃው የሚሉት አትክልተኛ ነው። በቸልተኝነት ሰው መግደል። መኪናው አሥር ተኩል ላይ ሲመጣ ይዤው እሄዳለሁ።»

«ሬሳውን ማን አገኘው?»

«እሱ ራሱ። ስምንት ተኩል ላይ ቅጠል ሊከረክም ገባሁ ይላል። ውሸቱን ግን ይስሙት፤ ሁለት እጄን እስከ ክርኔ ነክሬ ነው ያነሳኋቸው፣ ፓምፑን የነቀልኩት ከዚያ በኋላ ነው ይላል። ኤሌክትሪኩ ጌታውን ገድሎ ለእሱ አዘነለት?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለች መርማሪዋ።

ሳጅኑ የተመሰገነ መሰለው።

«ሐኪሙ ስንት ሰዓት ሞተ አለ?»

«ከአምስት እስከ ስምንት፤ ከዚህ በላይ ማጥበብ አልችልም ብሎ ሄደ። እኛ ግን አጥብበነዋል። ሰባት ሰዓት ላይ ወንድሙ በሕይወት አይቶታል። ስለዚህ ከሰባት በኋላ ነው።»

አትክልተኛው ኮሪደሩ ላይ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው። እጁ ታስሯል፤ እጅጌው እስከ ክርኑ እርጥብ ነው። መርማሪዋ ካቴናውን አስፈታችለትና አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሳጅኑ ወደ ጣሪያው አየ።

«ይህን ገንዳ እንዴት ነው የሠሩት?»

አትክልተኛው «እርስዎ» የተባለው ማን እንደሆነ ለማየት ዞር አለ። ከኋላው ግድግዳ ብቻ ነበር።

«ከታች ሁለት ጣት አፈር ነው፤ ማዳበሪያ ያልነካው። ከላዩ ሁለት ጣት አሸዋ፣ አፈሩን እንዲከድነው። ከዚያ ገና ከመጀመሪያው ቀን ጥቅጥቅ አድርጎ መትከል ነው። ተክሉ ከአፈሩ ይበላል፣ የዓሣውንም ቆሻሻ ይበላል። ውሃ ሲጨመር ሳህን አስቀምጦ ሳህኑ ላይ በቀስታ ነው፤ አፈሩ ከተነሳ ውሃው ሻይ ይመስላል። ሌላ ሥራ የለውም። የጎደለውን መሙላት፣ የበዛውን መከርከም፣ ከዚያ እጅን መሰብሰብ።»

«ፓምፑስ?»

«ፓምፕ የለውም እኮ። አየሩን ተክሉ ይሰጣል። ፓምፕ አሸዋውን ከማመስ ሌላ ምን ሊሠራለት? ጋሼም ስሙን መስማት አይወዱም ነበር። ዛሬ ስገባ ነው ያየሁት፤ ውሃው ውስጥ ጥግ ላይ ወድቋል፣ ድምፅም የለው።»

«ሌላስ ምን አዩ?»

«ጋሼ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው ነበር። ሁለት እጃቸው ውሃ ውስጥ ነው። ውሃው ጥርት ብሏል፤ አሁን የደፈረሰው እኔ ሳነሳቸው ነው። የተኙ መሰለኝ። እጃቸው ላይ ግን አፈር ተኝቶበታል። ስስ፣ እንደ አቧራ። ቅጠሉም ላይ እንደዚያው።»

«አፈሩ ከተነሳ በኋላ እንደዚያ ለመተኛት ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?»

«ከሁለት ሰዓት ተኩል በታች አይጠልልም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ ሚስቴ ታማ ተኝታለች። መድኃኒቷን ማታ ማታ የምሰጣት እኔ ነኝ። ይህ ሰውዬ ከወሰደኝ የሚነግራት ሰው እንኳ የለም።»

መርማሪዋ ሰዓቷን አየች። ዘጠኝ ከአርባ አምስት።

እመቤቲቱ ሳሎን ውስጥ ጥፍሯን እያየች ጠበቀቻት። ከአራት እስከ ስድስት ተኩል ፀጉር ቤት ነበረች፤ ፀጉሯ ይመሰክራል። ስትመለስ የባሏ ታናሽ ወንድም ሳሎን ተቀምጦ ጋዜጣ ሲያነብ አገኘችው። አብረው ምሳ በሉ።

«ባለቤትዎ አልበሉም?»

«ከእኛ ጋር በልቶ አያውቅም። ሰው ሲያኝክ ማየት ያቅለሸልሸኛል ይላል።»

«ከዚያስ?»

«ሰባት ሰዓት ላይ ወንድሙ ስብሰባ አለኝ ብሎ ተነሳ። የንባብ ክፍሉን በር ከፈተና ‹ደህና ዋል ጋሼ፣ ረግረግህ እንዳይውጥህ› ብሎት ሄደ።»

«ባለቤትዎ መለሱለት?»

«ለእሱ መልሶለት አያውቅም። ዛሬ ምን ታይቶት?»

«ወደ ውስጥ አዩ?»

«ከተቀመጥኩበት አይታይም። ያየሁት ወንድሙን ነው። በሩን በአንድ ጣት ገርበብ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ነበር የሚያወራው።»

መርማሪዋ ይህን ጻፈች። «ያዘኑ አይመስሉም።»

«አሥር ዓመት ሙሉ ፈተና ላይ ተቀምጬ ኖሬ ዛሬ ደወሉ ተደወለ። ላልቅስልዎ?»

ሦስተኛ ያነጋገረችው የሟቹን አማች ነበር፤ ኤሌክትሪሻን ነው። ሚስቱ፣ የሟቹ ልጅ፣ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዳለች። ጠዋቱን በጓሮው መሥሪያ ክፍሉ ብቻውን አሳልፏል።

«የሚያስቡትን አውቃለሁ» አላት ገና ሳትጠይቀው። «በዚህ ቤት ገመድ መላጥ የሚችል እኔ ብቻ ነኝ።»

«ገመድ ለመላጥ ቢላዋ ይበቃል። የቤቱ መስመር ለምን አልቆረጠም?»

«አሮጌ ስለሆነ። አደጋ ሲኖር የሚቆርጥ መከላከያ ላስገባ ብላቸው ‹ከአሥር ስድስት እያመጣህ ያደግህ ሰው ቤቴን አትነካም› አሉኝ። እኔንማ እንዲህ ናቸው። ወንድማቸውን ግን እሑድ ለት ገበታ ላይ አዋረዱት።»

«ምን ብለው?»

«በሚቀጥለው ሳምንት የኮሌጅ ዲን ሆኖ ይሾማል። ጋሼ ሹካቸውን አስቀመጡና ‹ይህ ሰው ዘጠነኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ወድቆ ነው የወጣው። ዲፕሎማውን ያሠራው ማተሚያ ቤት ነው። ለኮሌጁ ቦርድ እጽፋለሁ› አሉ። ከዚያ ጨው አቀብሉኝ አሉ።»

ወንድምየውን፣ የወደፊቱን ዲን፣ ያነጋገረችው እዚያው የንባብ ክፍሉ ውስጥ ነው። እሱ ነው እዚያ ይሁን ያለው፤ ሳሎኑ ለፖሊስ አይመችም አለ። የተወለወለ ጫማ፣ ውድ ሰዓት፣ ከስብሰባ ተጠርቶ የመጣ ሰው ትዕግሥት ማጣት። አንሶላውን ላለማየት ጀርባውን ሰጥቶት ቆመ። አማችየውና እመቤቲቱ በሩ ላይ ነበሩ።

«ቶሎ እንጨርስ፣ እህቴ። አርባ ሰው ስብሰባ ላይ ትቼ ነው የመጣሁት።»

«አምስት ሰዓት ላይ ነው የመጡት?»

«አዎ። ጋሼ እጁን ጭቃ ውስጥ ነክሮ ነበር፣ እንደ ልማዱ። ሰላም ብዬው ወጣሁና ሳሎን ተቀምጬ ጋዜጣ አነበብኩ።»

«ሰባት ሰዓት ላይስ ሲሰናበቱ በደንብ አዩዋቸው?»

«እንዴት አላየውም? ገንዳው ፊት ተቀምጧል፤ መብራቱ ፊቱ ላይ አርፏል። ፓምፑ ሲያጉረመርም እስከ በሩ ይሰማል። ያንን ፓምፕ ያየ ሰው መጨረሻው ይህ እንደሚሆን ያውቅ ነበር። ግን ጭቃ የሚያቦካ ሰው ኤሌክትሪክ ከምን ያውቃል? ስለ አንድ የተማረ ሰው ሞት ከ…»

ቋ አለ።

የገንዳው መብራት በራሱ ጊዜ በራ። ክፍሉ በአንድ ጊዜ ደመቀ፤ የደፈረሰው ውሃ እንደ ሻይ አበራ። ዲኑ ዘሎ ከቁም ሣጥኑ ራቀ፤ ክርኑ ግድግዳውን መታው። ሳጅኑም እጁን ከኪሱ አወጣ። እመቤቲቱ ግን ጥፍሯን ማየቷን እንኳ አላቆመችም።

«ከምሳ ተመለሰ» አለች።

«ማን?» አለ ሳጅኑ።

«መብራቱ ነዋ። አሥር ሰዓት ሆነ ማለት ነው። የቀን እንቅልፌን በዚህ ‹ቋ› ስንት ጊዜ እንደ ቀሰቀሰኝ።»

መርማሪዋ ወደ ኤሌክትሪሻኑ ዞረች።

«ታይመር አለው» አላት። «እኔ ነኝ የገጠምኩት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ይበራል፣ ስድስት ላይ ይጠፋል፤ አሥር ላይ ይበራል፣ ማታ ሁለት ላይ ይጠፋል። ጭቃው ነው እንዲህ ይሁን ያለው። መብራቱ ሲያርፍ አፈሩ ተክሉ የሚመገበውን ውሃው ውስጥ ይሞላል፤ አልጌ ደግሞ የተቆራረጠ ብርሃን አይመቸውም።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አየች። ግድግዳው ላይ አንድ ሶኬት ብቻ አለ። ሶኬቱ ላይ ታይመሩ፣ ታይመሩ ላይ ማከፋፈያው፣ ማከፋፈያው ላይ የመብራቱ ገመድ ተሰክቷል። ፓምፑ የተነቀለበት ቀዳዳ ከመብራቱ ጎን ነው።

«ፓምፑም እዚሁ ነበር የተሰካው?»

«እዚያው ነው እትዬ» አለ አትክልተኛው ከኮሪደሩ። «ከመብራቱ ጎን።»

ዲኑ ክርኑን እያሸ ስልክ ልደውል ብሎ ወጣ። መርማሪዋ የቁም ሣጥኑን መሳቢያ ሳበች። መቀስ፣ አንድ ነጭ ሳህን፣ አንድ የተማሪ ደብተር። ደብተሩ በተስተካከለ የመምህር እጅ ጽሑፍ ተሞልቷል፤ ገንዳው የተሠራበት ቀን፣ የተተከለው ተክል፣ የተጨመረው ውሃ። የመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ስትደርስ ሳታስበው ፈገግ አለች። ሰውዬው የገዛ ቤተሰቡን ስለ ገንዳው ገበታ ላይ እየፈተነ ውጤት መዝግቧል።

አንድ ገጽ ላይ ብዙ ቆየች። ከዚያ ደብተሩን ከላስቲክ ከረጢቷ ከትታ ሳጅኑን ጠራችው።

«ሁሉንም እዚህ ሰብስብልኝ። አትክልተኛውንም።»

«መኪናው እኮ ሊደርስ ነው።»

«ይድረስ። ባዶውን አይመለስም።»

አሥር ከሃያ ሲሆን አምስቱም በክፍሉ ነበሩ። ዲኑ ሰዓቱን ያያል። እመቤቲቱ ብቸኛዋን ወንበር ይዛለች። አትክልተኛው ምንጣፉን እንዳያቆሽሽ ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ ግባ ያለው የለም።

«ይግቡ» አለችው መርማሪዋ። ገባ። «ሳጅን፣ ቅድም ጥሩ ጥያቄ ጠይቀህ ነበር። ኤሌክትሪክ ርዕሰ መምህሩን ገድሎ አትክልተኛውን ለምን ማረው? አንተ ዋሽቶ ነው አልክ። እኔ ደግሞ እውነቱን ቢሆንስ አልኩ። አንድ ሰው ስምንት ተኩል ላይ እጁን ነክሮ ምንም ካልሆነ፣ ውሃው ውስጥ ኤሌክትሪክ አልነበረም ማለት ነው። ለምን አልነበረም?»

ሳጅኑ ወደ ገንዳው አየ። «መብራቱ…»

«ቀጥል።»

«መብራቱ ለምሳ ወጥቶ ነበር» አለ ሳጅኑ ቀስ ብሎ፤ ጆሮው ቀላ።

«ፓምፑም አብሮት። ከስድስት እስከ አሥር በዚያ ማከፋፈያ ላይ ምንም ነገር አይሠራም። ርዕሰ መምህሩን የገደላቸው ግን ኤሌክትሪክ ነው፤ መዳፋቸው ተቃጥሏል። እንግዲህ የሞቱት ከስድስት ሰዓት በፊት ነው። ይህን እጃቸው ላይ የተኛው አፈርም ይናገራል። ሲያዛቸው ተንፈራግጠው አፈሩን አስነሱት። ስምንት ተኩል ላይ ውሃው ጠርቶ፣ አፈሩ እጃቸው ላይ እንደ አቧራ ተኝቶ ነበር። ለዚህ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ያስፈልጋል። ከሰባት በኋላ ቢሞቱ ኖሮ አትክልተኛው የሚያገኘው ሻይ የመሰለ ውሃ ነበር።»

«የጭቃ ምስክርነት» አለ ዲኑ። «ደግ ነው። ቀጥሎ ዓሦቹን ትጠይቂያለሽ።»

«ከስድስት በፊት እመቤቲቱ ፀጉር ቤት ነበሩ። አማችየው በጓሮ፣ እርስዎ ሳሎን ነበራችሁ። አማችየው ሊገድሉ ይችሉ ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ የሞተ ሰው በሕይወት አየሁ ያሉት ግን እሳቸው አይደሉም።»

ሁሉም ወደ ዲኑ ዞሩ።

«መብራቱ ፊታቸው ላይ አርፎ ነበር አሉኝ። መብራቱ ከጠፋ አንድ ሰዓት ሆኖታል። ፓምፑ ያጉረመርም ነበር አሉኝ። አያጉረመርምም። እንደዚያ ያዩትና የሰሙት ከስድስት በፊት ነው፤ ጥለዋቸው ሲወጡ። ሰባት ሰዓት ላይ በሩን በአንድ ጣት ገርበብ አድርገው፣ ፊትዎን ወደ እመቤቲቱ አዙረው ለሬሳ ደህና ዋል አሉት። ወደ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቅ ቢሉ መብራቱ መጥፋቱን ባዩ ነበር። ግን ሬሳውን ራሱ ትቶት የሄደ ሰው ተመልሶ ማየት አይወድም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«በዚህ ቤት ስለ መብራቱ የማያውቅ የለም» አለ ዲኑ። «እኔ እንዴት እሳሳታለሁ…»

መርማሪዋ ደብተሩን አወጣች። «‹ጥያቄ አራት። የገንዳው መብራት በቀትር የሚያርፈው ለምንድን ነው? ሚስቴ፦ እንቅልፌን ሊነሳኝ ብላለች፤ ሰዓቱን ግን በትክክል ታውቃለች። አምስት ከአሥር።›»

«አምስት?» አለች እመቤቲቱ።

«‹አማቼ፦ ዘጠኝ ከአሥር፤ ሲናገር ያጉተመትማል። ወንድሜ፦ ጥያቄውን ሳልጨርስ ስልኩን አነሳ። ሦስተኛ ጊዜው ነው። ዜሮ።›» ደብተሩን ዘጋችው። «ገመዱን ልጠው፣ ሰክተው ውሃው ውስጥ የጣሉትን ፓምፕም ያመጡት ለዚህ ነው። ይህ ገንዳ ፓምፕ የለውም። የሰማ ሰው ሁሉ ያውቃል። እርስዎ ግን የዓሣ ገንዳ ሁሉ ፓምፕ ያለው መሰለዎት፤ ማንም ልብ አይለውም አሉ። ሳጅን፣ የመኪናቸውን ቁልፍ ተቀበላቸው።»

ዲኑ ቁልፉን መሬት ላይ ጣለው። ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ አነሳና ወደ መኪናው ወጣ፤ ሲመለስ የፓምፕ ስዕል ያለበት ባዶ ካርቶንና ቀይ የገመድ ልጣጭ የተጣበቀበት ቢላዋ ይዟል።

ዲኑ ካርቶኑን እንደ ቆሻሻ አየው።

«ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር» አለ። «ደብዳቤውን ተው ብዬ ለመንኩት። እኔ! ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። ቅጠሉን እየከረከመ ‹ዘጠነኛ ክፍል፣ ጥላዬን ከብርሃኑ ላይ አንሳ› አለኝ። ጥላህን ማለቱ ነው፤ እሱንም ሳተው። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ተሳሳተ፤ እኔም አላረምኩትም።»

አሥር ተኩል ላይ መኪናው መጣ፤ ባዶውንም አልተመለሰም። ሳጅኑ ሲወጣ ደጃፉ ላይ ቆም አለና አትክልተኛውን አንድ ነገር ሊለው አፉን ከፈተ። ጉሮሮውን ጠርጎ ሄደ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ ዳዋው ይቅርታ የሚጠየቅበት ወግ አልተለመደም።

አትክልተኛው ወደ ቤቱ መሄድ ሲችል አልሄደም። ገንዳው ሁለት ጣት ያህል ጎድሎ ነበር። ነጩን ሳህን አሸዋው ላይ አሳረፈ፤ ከጆጉ ውሃ ሳህኑ ላይ በቀስታ ማፍሰስ ጀመረ። ውሃው ከሳህኑ ጠርዝ እየተንሸራተተ ወረደ፤ ከአፈሩ ቅንጣት አልተነሳም።

«ሚስትዎ አይጠብቁዎትም?» አለች መርማሪዋ።

«መድኃኒቷ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ጎዶሎውን ትቼ ብሄድ ጋሼ ይቆጣሉ» አለና ያለውን ሲሰማው አፈረ። «ለእኔስ ስንት ሰጥተውኛል? ደብተሩ ላይ። ጭቃው ሲሉኝ ነው የኖሩት፤ ዜሮም ቢሆን አይከፋኝም።»

«ይዩት።»

«እጄ እርጥብ ነው። ያንብቡልኝ።»

መርማሪዋ ገጹን ገለጠች። «‹አትክልተኛው› ይላል። ከጎኑ ውጤት የለም። ‹እሱን የማርም እኔ ማነኝ?› ብለው ጽፈዋል።»

አትክልተኛው ጆጉን ትንሽ ዝቅ አደረገው፣ ውሃው ይበልጥ በቀስታ እንዲወርድ።